ጉልቻውን መለወጥ፦ ዕውቀት ወደ ሥራ ሲሻገር የምናብ ድርሻ

በአዲስ አበባው ሾላ ገበያ የቤት ዕቃ ወደሚሸጥበት ወገን የዘለቀ ሰው የሸክላ ምጣድ፣ የከሰል ምድጃና የኤሌክትሪክ ምጣድ እርስ በርስ ሳይራራቁ ያገኛል። ሦስቱም ገዢ አላቸው። ስለ ማገዶ ያለን ዕውቀት በጨመረ ቁጥር አሮጌው ዕቃ ለአዲሱ ቦታ ይለቃል ብሎ የሚጠብቅ ሰው እዚህ ግራ ይጋባል። ጭስ ዓይንና ሳንባ እንደሚጎዳ፣ በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነድ እሳት አብዛኛው ሙቀቱ በከንቱ እንደሚባክን ከታወቀ ቆይቷል። ጉልቻው ግን ዛሬም በየጓሮው አለ።

ለዚህ ዓይነቱ ግራ መጋባት በአገራችን የጥናት ጽሑፎች ዘንድ አንድ የተለመደ መውጫ አለ፤ «የግንዛቤ እጥረት» ይባላል። ስለ ጤና፣ ስለ እርሻ፣ ስለ ንጽሕና ወይም ስለ ማገዶ ተጽፎ በመጨረሻው ገጹ ላይ «ለኅብረተሰቡ ግንዛቤ የማስጨበጥ ሥራ ሊሠራ ይገባል» የማይል ዘገባ ብርቅ ነው። ሐረጉ ሳይመረመር የሚታለፍ አንድ እምነት ተሸክሟል፤ ዕውቀቱ ምሉዕ ነው፣ ጉድለቱ ያለው ተቀባዩ ዘንድ ነው ይላል። እኔ በዚህ ዳሰሳ የምሞግተው ይህን እምነት ነው። ዕውቀት ለሰው ሳይጠቅም ሲቀር ከተጠቃሚው ግንዛቤ ይልቅ የዐዋቂው ምናብ አጥሮ የሚገኝበት ጊዜ ይበዛል።

ምናብ በእኛ ሒስ ውስጥ የሥነ ጽሑፍ የግል ርስት ሆኖ ኖሯል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ»ን ካሳተሙ ወዲህ ስለ ደራሲ ምናብ ብዙ ተጽፏል። ስለ መሐንዲስ፣ ስለ ሐኪም ወይም ስለ ግብርና ባለሙያ ምናብ የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። በፍልስፍናው በኩል ግን ምናብና ተግባር የተጋቡት ቀደም ብሎ ነው። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1759 ስለ ሞራል ስሜቶች በጻፈው መጽሐፍ የሌላው ሰው ሥቃይ በራሳችን የስሜት ሕዋሳት ሊደርሰን ስለማይችል ወደ እርሱ ቦታ የምንሻገረው በምናብ ብቻ ነው ይላል። ጆን ዱዊ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1922 ሰው ከመወሰኑ በፊት አማራጮቹን በልቡ መድረክ ላይ እንደ ድራማ እየተለማመደ ውጤታቸውን እንደሚመዝን አስረድቷል። ሁለቱም ግማሽ ግማሹን ይሰጡናል። ስሚዝ ሰውዬውን ያሳየናል፣ ዱዊ ድርጊቱን። ሁለቱ ሲጣመሩ የሚገኘውን ነው እዚህ ምናብ የምለው፤ ያወቅነውን ነገር በሌላ ሰው የዕለት ኑሮ ውስጥ አስገብቶ፣ ከማለዳ እስከ ማታ ምን እንደሚገጥመው አስቀድሞ መለማመድ።

ሾላን ለዚህ ክርክር የመረጥኩት ከራሱ ከገበያው ይልቅ ከበላዩ ስላለው ተራራ ነው። ከየካ አንሥቶ እስከ እንጦጦ የተዘረጋው ባሕር ዛፍ በአንድ ወቅት የነበረ ትልቅ ምናብ ውጤት ነው። አጤ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲቆረቁሩ በዙሪያው የነበረው ጽድና ወይራ ብዙም ሳይቆይ ተመናመነ። የዘመኑ ልማድ ግልጽ ነበር፤ እንጨት ሲያልቅ ከተማው ድንኳኑን ነቅሎ ይሄዳል። አዲስ ዓለምም ተተኪ መናገሻ እንድትሆን ግንባታ ተጀምሮላት ነበር። በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ግድም፣ የፈረንሳዊው አማካሪ የሞንዶን ቪዳዬ ስም አብሮ የሚነሣበት የባሕር ዛፍ ችግኝ ገባ። ዛፉ ቶሎ እንደሚያድግ፣ ሲቆረጥም ከጉቶው እንደሚያቆጠቁጥ የሚያውቁ የውጭ ሰዎች ብዙ ነበሩ። የዛፍ ዕውቀት ብቻውን ግን መናገሻን አያጸናም። ለመንቀሳቀስ የለመደ ሠራዊትና መኳንንት በአንድ ቦታ ሲያረጅ፣ ባለርስት በየጥቂት ዓመቱ እየቆረጠ ሲሸጥ፣ ከተማዋም ከማገዶዋ ጋር አብራ ስትቆይ ማየት ያስፈልግ ነበር። ይህ ታየ፤ አዲስ አበባም ቀረች።

ያልታየው ግን አንድ ነገር ነበር፤ እንጨቱን ከተራራው ማን እንደሚያወርደው።

የእንጦጦን ቅጠልና ጭራሮ እየሰበሰቡ ወደ ከተማ የሚያወርዱት ሴቶች ናቸው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 ሕይወታቸውን የሚመለከት ጥናት አሳትሟል። ሸክሙ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ይበልጣል፤ ወገብ አጉብጦ በዳገትና በቁልቁለት ይጓዛል፤ ከደን ጥበቃ ጋርም ያጋጫል። በከተማዋ የማገዶ ታሪክ ውስጥ እነዚህ ሴቶች የመጨረሻው መስመር ላይ ያሉ ናቸው። ዛፉ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ፣ አንድ ቤተሰብ በወር ስንት ኪሎ እንደሚያነድ በሚገባ ተለክቷል። እነርሱ ግን በቁጥሮቹ መካከል ጠፍተው ኖሩ።

አሁን ወደ ምድጃው እንመለስ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የኢትዮጵያ የኢነርጂ ጥናት ባለሙያዎች ላቀች የተባለውን የከሰል ምድጃና ምርጥ የተባለውን የእንጀራ ምድጃ ለሕዝብ አቀረቡ። ላቀች ረጅም ጉዞ ያላት ናት። መነሻዋ የታይላንድ የባልዲ ምድጃ ሲሆን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ኬንያውያን ለራሳቸው አብሳይ አስማምተው የሸክላ ሽፋን ያለው ጂኮ አደረጉት፤ ከዚያ አዲስ አበባ ደርሳ እንደገና ተቀረጸች። ውጭዋ ቆርቆሮ፣ ውስጧ ሸክላ ነው፤ ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ትቆጥባለች። ምርጥ ግን ከውጭ የሚቀዳ አምሳያ አልነበረውም፤ እንጀራን በዚህ ስፋት የሚጋግር ከአካባቢያችን ውጭ የለምና። በአገራችን ከቤት ኃይል ፍጆታ ግማሽ በላይ የሚወስደው እንጀራ መጋገር መሆኑን ያወቀ ሰው ሁሉ እዚያው ላይ መሥራት እንዳለበት ይገባዋል። ያ ዕውቀት ብቻውን ግን ምድጃ አይሠራም።

ምርጥን የቀረጹት ሰዎች ያዩትን መከታተል ይጠቅማል። 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነውን ምጣድ እንዳለ ተቀበሉት፤ ጋጋሪዋ ለዓመታት የለመደችውን የእጅ ዙር፣ ያላትን ሸክላና አክምባሎ እንድትለውጥ አልጠየቋትም። ምድጃውን ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በቅርጽ ማውጫ የሚሠራ አደረጉት፤ ስለዚህ በየትኛውም ከተማ ያለ አነስተኛ አምራች ሊያመርተው ይችላል። በክፍልፋይ ስለሚመጣ ተሸክሞ ወስዶ መገጣጠም ይቻላል። ከኋላ የሚወጣውን ሙቀት ድስት እንዲጣድበት አድርገው ቀረጹት፤ እንጀራ የምትጋግር ሴት ወጡንም በዚያው ሰዓት እንደምታስብ ገብቷቸዋልና። ይህ ሁሉ ሆኖ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ ማገዶ ይቆጥባል። ቁጥሩ የምሕንድስና ነው፤ ቁጥሩን ወደ ማእድ ቤት ያስገባው ግን ጋጋሪዋን እያሰቡ የተደረገው ልምምድ ነው። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚለው ተረት እዚህ ላይ አይሠራም፤ ጉልቻውን የለወጠው ሰው ወጡንም አስቦት ነበር።

ያም ሆኖ ምርጥ በሁሉም ቤት አልገባም። ለምን እንዳልገባ ስናስብ ነው ግንዛቤ የሚለው ምክንያት ምን ያህል ባዶ እንደሆነ የሚታየው። ጉልቻ የማይሰጠው ጥቅም የለም ማለት ይቻላል። ለሠርግና ለተዝካር ትልቅ ድስት ሲጣድ ይሰፋል፣ ለቡና ይጠባል። በእንጦጦ ብርድ እሳቱ የተሰበሰበ ቤተሰብን ያሞቃል። ጭሱ ሳር ክዳን ውስጥ የሚኖረውን ተባይ ያባርራል። በሲሚንቶ የተገጠመ ምድጃ ደግሞ ቦታው ላይ ይቀመጣል፤ ቦታ ግን የራስ መሆን አለበት። በየካ አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር፣ ማእድ ቤቱን ከሌሎች ተከራዮች ጋር የምትጋራ፣ አከራይዋ በፈለጉ ጊዜ ልቀቂ ሊሏት እንደሚችሉ የምታውቅ ሴት ምድጃ የማትገዛው ጭስ ሳንባ እንደሚጎዳ ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ጭሱን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። የምትሠራው ሒሳብ ትክክል ነው፤ ሒሳቡ ውስጥ የገባውን ኪራይ ያላሰበው አጥኚው ነው።

ከዚህም የሚከብድ ነገር አለ። የአንድ ቤት ማገዶ በግማሽ ሲቀንስ የእንጨት ተሸካሚዋ ገበያም አብሮ ይቀንሳል። ደኑን ለመጠበቅ፣ የጋጋሪዋን ዓይን ለማዳን የተደረገ በጎ ሥራ የተሸካሚዋን ሴት እንጀራ ይነካል። ይህ ምድጃውን ለመተው ምክንያት አይደለም፤ ምናብ ቀድሞ ባየው ሰው ላይ ቆሞ እንዳይቀር የሚያስገድድ ምክንያት ግን ነው። የቀድሞ ሴት እንጨት ተሸካሚዎች ማኅበር ተቋቁሞ በእንጦጦ ግርጌ ሸማ ሥራን አማራጭ መተዳደሪያ ሲያደርግ ያየነው ይህን የኋላ ጉድለት ለመሙላት የተደረገ ጥረት ነው። ማኅበሩ የሚያቅፈው ከተሸካሚዎቹ ጥቂቱን ቢሆንም ለእኔ ከብዙ የፖሊሲ ሰነድ ይበልጥብኛል። ሸክሙን ስለ መከልከል ከማሰብ በፊት፣ ሸክሙን ያወረደች ሴት በማግሥቱ ጠዋት ምን ትሠራለች ብሎ ከጠየቀ ሰው የተነሣ ነውና።

የምናብን ድርሻ ከምድጃ ይበልጥ አጉልቶ የሚያሳየው የአገራችን ታሪክ የእንዶድ ታሪክ ነው። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ቢልሃርዚያ ለማጥናት ዐድዋ ሄደው ሳለ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ውኃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተከማችተው አዩ። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ሰብስበው ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርላቸው ጠየቁ፤ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። በዚያች ወንዝ ዳር ሁለት ዕውቀቶች ተገናኝተዋል። ሴቶቹ እንዶድ እድፍ እንደሚያስለቅቅ ከእናቶቻቸው ወርሰዋል። ሳይንሱ ቢልሃርዚያን የምታመጣው ትል የዕድገቷን ከፊል በቀንድ አውጣ ውስጥ እንደምታሳልፍ ያውቃል። ሁለቱም እውነት ለዓመታት ጎን ለጎን ነበሩ። ያገናኛቸው፣ የልብስ ሳሙናን የበሽታ መከላከያ አድርጎ ማየት የቻለ አንድ ዓይን ነው።

የአክሊሉ ታላቅነት ግን በዚያ ቀን አላበቃም። ብዙ ተመራማሪ ከዚህ በኋላ ንጥረ ነገሩን ለይቶ ለፋብሪካ ማቅረብን ያስብ ነበር። እርሳቸው ያሰቡት መንደርን ነው። በቢልሃርዚያ የተጠቃ ሕዝብ በራሱ ማሳ እንዶድ ተክሎ፣ በራሱ ወፍጮ ፈጭቶ፣ በራሱ ወንዝ ላይ የሚጠቀምበትን መንገድ አለሙ። በወቅቱ ለቀንድ አውጣ ማጥፊያ የሚታወቀው የፋብሪካ ኬሚካል ለድሃ አገር እጅግ ውድ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በዐድዋ በተካሄደው የሙከራ ሥራ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የበሽታው ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ባልደረባቸው ዶ/ር ለገሠ ወልደዮሐንስ የእንዶድን ዝርያዎች ሲያበጥሩ ኖረው ኃይለኛውን ኢ-44 ለዩ። ሁለቱም በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት በጋራ ተቀበሉ።

ሽልማቱ ከግኝቱ በ25 ዓመት ዘገየ፤ ሥራ ላይ መዋሉ ከዚያም በላይ። ዓለም አቀፍ ተቋማት የመርዛማነት ምርመራው በተቀመጠው ደረጃ መሠረት እንዲጠናቀቅ ጠየቁ፤ ያን ለማድረግ የሚያስፈልገው ገንዘብና ቤተ ሙከራ ደግሞ በአገር ውስጥ አልነበረም። አክሊሉ በአፍሪካ የተገኘ ሳይንስ በአፍሪካ መገኘቱ ብቻ እንደሚያስጠረጥረው በምሬት ይናገሩ ነበር። እኔ ምሬታቸውን እጋራለሁ፤ ነገሩን በፍትሕ ለማየት ግን ሌላውንም መናገር ግድ ነው። እንዶድ ዓሣንም ይገድላል፤ ሰው በሚጠጣው ውኃ ላይ የሚረጭ ነገር ላይ ምርመራ መጠየቅ ጥፋት አይባልም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ ፕራዚኳንቴል የተባለው ኪኒን ሲስፋፋ የቢልሃርዚያ ትግል ቀንድ አውጣን ከመግደል ሰውን ወደማከም አዘነበለ። ጥፋቱ ምርመራውን መጠየቁ ላይ ሳይሆን ድሃ መንደር ለራሱ መድኃኒት ማብቀል እንደሚችል ማሰብ አለመቻሉ ላይ ነው። ያ ቢታሰብ ኖሮ የምርመራውን ወጪ ማን ይሸፍን የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መልስ ያገኝ ነበር። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ አክሊሉን ጨምሮ ተመራማሪዎች እንዶድ የታላላቅ ሐይቆችን የውኃ ቧንቧ የሚደፍኑ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረቶችን እንደሚያጠፋ ሲያሳዩና ዩኒቨርሲቲው የፈጠራ መብት ሲያስመዘግብበት፣ ጥቅሙን ማየት ለማንም አልከበደም። የቧንቧ መደፈን የከተማ መሐንዲስ ኑሮ ውስጥ ነበረ፤ ቢልሃርዚያ ያለበት ወንዝ ግን አልነበረም።

ምናብን ሳወድስ የሚቀርብብኝን ትችት ዐውቃለሁ። አገራችን የተጎዳችው በምናብ ማጣት ነው ወይስ በምናብ ብዛት? በ1977 ዓ.ም. ከድርቁ በኋላ ደርግ 600 ሺህ ያህል ሰው ከሰሜንና ከመካከለኛው ክፍል ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲያሰፍር ከኋላው ትልቅ ምናብ ነበር። ካርታው ላይ ባዶ የሚመስል ለም መሬት፣ በትራክተር የሚታረስ ማሳ፣ ቀጥ ብሎ የተደረደረ መንደር ታይቶ ነበር። ጄምስ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው መጽሐፍ ከታንዛኒያው መንደር ምሥረታ ጋር የእኛንም አንሥቶ፣ መንግሥታት ከላይ ሲመለከቱ ለማየት የሚመቻቸውን ብቻ እንደሚያዩ ያስረዳል። በሰፈራው ታሪክ ውስጥ የጎደለው ልክ ያ ከዱዊና ከስሚዝ ያጣመርነው ነገር ነው። ደጋ ለምዶ ቆላ የወረደ ገበሬ በወባ ሲያተኩሰው፣ ጤፍ የለመደች እናት በማታውቀው እህል ማዕድ ስታዘጋጅ፣ ለዘመድ ለቅሶ መድረስ ሲያቅት ማንም አልተለማመደውም። ስለዚህ ከምናብ ብዛት ይልቅ አቅጣጫው ነው የሚያሳስበኝ። ከላይ ካርታ የሚያይ ምናብ አለ፤ ከታች ማእድ ቤት የሚያይም አለ።

ይህን ሁለተኛውን ምናብ ይማሩታል ወይ? የቅኔ ቤት ልምድ አዎ ይላል። ሰዋስውን ያጠና ተማሪ ቅኔ ዐወቀ አይባልም። ከጉባኤ ቃና ጀምሮ በየቀኑ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ማቅረብ አለበት፤ ትናንት ያቀረበውን መድገም አይፈቀድለትም። ብቻውን ተቀምጦ ያሰበውን ማታ ለመምህሩ ያሰማል፣ ይታረማል፣ ነገ ይመለሳል። እዚያ ምናብ የተሰጥኦ ጉዳይ ተብሎ አይተውም፤ በየዕለቱ የሚጠየቅ፣ በየዕለቱ የሚታረም ሥራ ነው። ከዘመናዊ ትምህርታችን ይህን ያህል ጥብቅ የምናብ ሥልጠና ያለው የቱ ክፍል እንደሆነ ለማግኘት ተቸግሬያለሁ።

ቅኔ ቤት ግን ምናቡን በቃል ላይ አዋለ። ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ደግሞ ከኅብረተሰቡ ዳር ተገፍተው፣ በቡዳነት ተጠርጥረው ኖሩ። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣት አስፈልጓቸው ነበር። ምናብን በሥርዓት የሠለጠነው ሊቅና ጭቃውን በእጇ የምታውቀው የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ በአንድ ከተማ እየኖሩ ሳይገናኙ ስንት ዘመን አለፈ! የላቀች ምድጃ ሸክላ ሽፋን ሥራ ሲጀመር የኢነርጂ ጥናቱ መሐንዲስ የሸክላ ሠሪዋን እጅ ሊፈልግ ግድ ሆነበት። ሙቀት የማይሰነጥቀው ጭቃ የትኛው እንደሆነ፣ ስንት ቀን መድረቅ እንዳለበት የምታውቀው እርሷ ናትና። በእኔ ግምት ከምድጃው ሁሉ ትልቁ ውጤት ይህ መገናኘት ነበር። ስለ ሙቀት ቁጠባ ያለው አኃዝ ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ ይህ ግን ገና በወጉ አልተጻፈም።

ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። የማገዶው ጥያቄ በዚህ ያበቃል የሚል ተስፋ በየስብሰባው ይሰማል፤ ተስፋው ምክንያት አለው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ሲጣድ ከሦስት ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። በአንድ ቆጣሪ አምስት ስድስት ተከራይ በሚጠቀምበት ግቢ ውስጥ ሁለት ምጣድ በአንድ ጊዜ ከተጣደ ማቋረጫው ይወርዳል፤ ወር ሲደርስ ደግሞ ክፍያው ለማን ስንት እንደሚደርስ ጭቅጭቅ ይነሣል። ስለዚህ አከራዮች ምጣድ ይከለክላሉ። እንጀራ እየጋገረች ለሱቅ የምታስረክብ ሴትም መብራት የሄደ ዕለት ሊጧ እንዳይኮመጥጥባት የእንጨት ምድጃዋን አትጥልም። ከግድቡ እስከ ማከፋፈያ ጣቢያ ያለው መንገድ በስሌት ተሠርቷል። ከቆጣሪው እስከ ምጣዱ ያለው አሥር ሜትር ግን የማን ጥናት እንደሆነ እስካሁን አልተወሰነም፤ በየካ ተከራይ ግቢዎች ለዩኒቨርሲቲዎቻችን የምሕንድስናና የማኅበራዊ ጥናት ተማሪዎች በጋራ ሊሰጥ የሚገባው የመመረቂያ ርእስ ይኸው ነው። ተማሪዎቹ መጀመሪያ የሚለኩት የሚፈሰውን ኃይል ሳይሆን ማን ከማን ቀድሞ እንደሚጥድ፣ ማን ለማን እንደሚተው፣ ሒሳቡ ሲመጣ ማን እንደሚናገርና ማን ዝም እንደሚል ይሁን። ማቋረጫው ስንት ዐምፔር መሆን እንዳለበት ከዚያ በኋላ ይታወቃል።